ትርንጎ የነገረችኝ መርዶ

የትርንጎን ሞት የነገረችኝ ልጇ ሰላም ናት። በስልክ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እኔ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ከአንዲት ደንበኛ ጋር ስለ ቀሚስ እጅጌ ስነታረክ። «እማዬ ዛሬ ጠዋት አረፈች። ወባው ጭንቅላቷ ላይ ወጣ። ኸላስ፣ አበቃ» አለችኝ። አጠገብሽ ሰው አለ ወይ አላለችም፤ ትንሽ አሟት ነበር ብላም አልጀመረችም። ከዚያ ሁለታችንም ስልኩን ይዘን አለቀስን፤ እሷ እናቷ ልትጠይቃት ሄዳ በታመመችበት በፋው ከተማ ሆና፣ እኔ እዚህ።

ወሬው ሰፈር ሲደርስ ሴቶቹ በትርንጎ ሞት ያዘኑትን ያህል በልጅቷም አዘኑባት። መርዶ በስልክ ይነገራል? በቀትር? ሱዳን ያደገ ልጅ ምን ወግ ያውቃል፣ ተባለ። እኔ ግን በለቅሶዬ መሀል ሳቅ አመለጠኝ። ሰላም ወግ አጥታ አይደለም፤ የእናቷ ልጅ ሆና ነው። ትርንጎ መርዶ ይዞ መቀመጥ የማይሆንላት ሰው ነበረች። ይህ አለመቻሏ አንድ ጊዜ ከሰው ተራ ሊያስወጣት ደርሶ ነበር። እኔ ግን በዚያው አለመቻሏ ዕድሜዬን ሙሉ ሳመሰግናት እኖራለሁ። በሕይወት ሳለችም ብዙ ጊዜ ነግሬያታለሁ፤ እንደ ልማዷ እስከ መጨረሻው አልሰማችኝም።

ያወቅኋት ሐጅ ዑስማን ልብስ ስፌት ቤት ነው። ሱቁ ከእህል ገበያው ጀርባ ስለሆነ ሰሊጥ በሚራገፍበት ወቅት አቧራው ጨርቅ ያበላሻል። በሩን በሸራ ጋርደን፣ ሁለት የስፌት መኪና ጎን ለጎን አድርገን እንሠራ ነበር፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእሷ። እኔ የአርማጭሆ ሰው ነኝ፣ እሷ የጭልጋ። እኔ መርፌዬ ካስቀመጥሁበት ከተነቃነቀ የምቆጣ፣ እሷ መርፌ ማስቀመጥ የሚባል ነገር የማታውቅ። ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ቀን መቀሷ ጠፋ። እሷ ፈለገች፣ እኔ ፈለግሁ፣ ሐጁም ከወንበራቸው ተነሥተው ፈለጉ። የተገኘው ሻይ ሻጯ ዘንድ ነው። ትርንጎ ሻይ ልታዝ ሄዳ፣ የሴትዮዋ ዳስ ገመድ ላልቶ ስታይ ቆርጣ አጥብቃ አሠረችላት፤ መቀሱን እዚያው ትታ፣ ሻዩንም ሳታዝ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ መቀሷን በጥቁር ጥብጣብ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትዞር ጀመር፤ ቤተ ክርስቲያንም ይዛው ትገባለች።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ጠይም ሴት ነበረች። ስታወራ የሰውን ወሬ ከአፉ ነጥቃ ትጨርስለታለች፤ ብዙ ጊዜም ትክክል ትጨርሳለች፤ ይህ ደግሞ ሰውን ይበልጥ ያናድዳል። ከመኪናው ተነሥታ ተራ ወንበር ላይ ስትቀመጥ እንኳ እግሯ መርገጡን አይተውም። አዲስ ጨርቅ ሲመጣላት ዓይኗ ይበራል፤ ትለካለች፣ ትቆርጣለች፣ ግማሹን ትሰፋለች። ከዚያ ሌላ ጨርቅ ይመጣል። ከኋላዋ ባለው ምስማር ላይ ኮሌታ የሌለው ሸሚዝ፣ አንድ እጅጌ ያለው ቀሚስ፣ እግሩ ያልተዘጋ ሱሪ ይደራረባል። ሐጅ ዑስማን ያንን ጥግ «ሆስፒታል» ይሉት ነበር። ደንበኛ ሲጠይቅ «ልብስህ ተኝቷል፤ ግን በሕይወት አለ» ብለው ይመልሳሉ።

ዒድ ሲቃረብ ግን ሌላ ሰው ናት። ሰዉ በሩ ላይ ሲጋፋ፣ ሐጁ ሲጮሁ፣ ቀኑ አልቆ ነገ በዓል ሲሆን፣ ትርንጎ ቀና ሳትል፣ ምሳዋንም ረስታ ትሰፋለች፤ ስፌቷም በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። እኔ ሳምንት የምለፋበትን እሷ በአንድ ሁለት ቀን ታወርደዋለች። ያን ጊዜ ሐጁ እጃቸውን ዘርግተው ለደንበኛው ያሳዩዋታል። «አየሃት? ከፈለገች ትችላለች» ይላሉ።

ሰው ሁሉ የሚላት ይህንኑ ነበር። ባሏ ትቷት ሲሄድም የመጨረሻ ቃሉ ይኸው ነበር አሉ። ለሰሚው ምስጋና ይመስላል፤ ትርንጎ ግን ስትሰማው ፊቷ ይጠቁራል። አንድ ቀን ምነው ብላት፣ «ሌላ ጊዜ አትፈልግም ማለታቸው እኮ ነው» አለችኝ። «ሽሮዬ ሲያርር ፈልጌ ነው። የሰላም ትምህርት ቤት ስብሰባ ሲያመልጠኝም ፈልጌ ነው። እንዲህ ያለ ክፉ ፈቃድ ያላት ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ፣ የሽዬ?» የምትጠራኝ እንዲያ ነው፤ ስሜ የሺ ነው።

ቤታችን አንድ አጥር ይጋራል። ወጥ የምትሠራው በራፏ ላይ፣ መንገደኛ ሁሉ እያየ ነው። ወደ ጓዳ ካስገባችው ወጡ እሳት ላይ መኖሩን ትረሳዋለች። «ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል የተባለው ለእኔ ነው» ትላለች። «እኔ ዘንድ ግን የራቀው ከዓለምም ይጠፋል።» ስልኳን ዱቄት ውስጥ ያገኘንበት ቀን አለ። ጨው ልትዋስ መጥታ ልብሴን አጥባልኝ፣ ጨውን ረስታ የሄደችበት ቀንም አለ። እናደዳለሁ፣ እስቃለሁ፣ ጨውን ይዤ እከተላታለሁ።

ገዳሪፍ ያለን ሐበሾች የሴቶች እድር አለን። ከጎንደር የመጣችው፣ ከትግራይ ተሰድዳ ከካምፕ ወደ ከተማ የገባችው፣ ክርስቲያኗም እስላሟም የምትለቀሰው በአንድ ድንኳን ነው። ሰብሳቢያችን እማማ ስንዱ ናቸው፤ በረሃቡ ዘመን ልጅ አዝለው በእግራቸው ድንበር የተሻገሩ፣ ሲናገሩ ሁለት ጊዜ የማይደግሙ ሴት። ሰው ሲሞት መርዶው የሚመከረው እሳቸው ቤት ነው። ማን ይንገራት፣ ነፍሰ ጡር ናት ወይ፣ ባሏ አለ ወይ፣ ይባላል። ሁሉ እስኪሰናዳ የሚያውቀው ሰው እያወቀ እንዳላወቀ ሆኖ ይሰነብታል። ከዚያ አንድ ማለዳ ሽማግሌዎቹና ሴቶቹ ተሰብስበው በሩ ላይ ይቆማሉ። ወጉ ይህ ነው፤ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይወድቅ የተሠራ ወግ ነው።

የእኔ ወንድም አሰፋ የሞተው መተማ መንገድ ላይ፣ መኪና ተገልብጦ ነው። እድሩ በማግስቱ ሰማ። ባሌ ፋው እርሻ ላይ ነበርና ቅዳሜ እስኪመጣ ይቆይ ተባለ። እንግዲህ ትርንጎ እያወቀች፣ ምንም ከማላውቀው ከእኔ አጠገብ ቀኑን ሙሉ ልትሰፋ ነው።

ዝምታዋ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። ክር ሲበጠስባት እንኳ አትራገምም። ደጋግማ ተነሥታ ትወጣለች፣ ትመለሳለች። ከሰላም ጋር ተጣልታለች ብዬ ተውኋት። እኔማ ደስ ብሎኛል፤ ለአሰፋ በመንገደኛ የምልክለትን ሸሚዝ ጨርቅ ዘርግቼ ልቆርጥ ነበር። «አንች ትርንጎ፣ የአሰፋ አንገት ከሐጁ አንገት ይወፍራል ወይስ ይቀጥናል?» አልኋት። ባለፈው ዓመት ሊጠይቀኝ ሲመጣ አይታዋለችና ነው።

ቀና አላለችም። «ተይው የሽዬ» አለች። «ጨርቁን አትቁረጭው። አሰፋ ሞቷል።»

ከዚያ በኋላ ነው እጇ ወደ አፏ የሄደው። ያ የዘገየ እጅ እስከ ዛሬ ይታየኛል። ምን አልሽ ብዬ ስጮህ ቃሏን መልሳ መዋጥ፣ ሌላ አሰፋ ነው ማለት ትችል ነበር። አልዋሸችኝም። ከወንበሯ ወርዳ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ፣ የትና እንዴት እንደሞተ፣ ሁሉም ሰው እንደሚያውቅ፣ ባሌ ቅዳሜ እስኪመጣ ይጠበቅ እንደነበር ነገረችኝ። ሐጁ ሱቁን ዘጉ። በባጃጅ፣ እዚህ ረክሻ በሚሉት፣ ይዛኝ ስትሄድ ትከሻዋን ነክሼዋለሁ፤ ምልክቱን በኋላ አይቼዋለሁ። ሐዘኑ እስኪወጣ ከአጠገቤ አልተነሣችም፤ ስትረሳ የኖረችው ትርንጎ ውኃ ልታጠጣኝ አንድም ጊዜ አልረሳችም።

እድሩ ግን አልማራትም። ከአርባው በኋላ እማማ ስንዱ ሴቶቹን ሰብስበው፣ «ልቧ ክፉ አይደለም። ምላሷ ግን ሰው ይገድላል» አሉ። «ከእንግዲህ መርዶው ሳይነገር ለትርንጎ የሚነግር እንዳይኖር።» ገንዘብ ቢቀጧት ይሻላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲሞት ሴቶቹ ይንሾካሾካሉ፣ እሷ ብቅ ስትል ስለ ሽንኩርት ያወራሉ። ለቅሶውን የምትሰማው እንደ ሐዘንተኛው፣ ጩኸቱ ሲነሣ ነው። ድሮ ድንኳን ተከላ ላይ ማንም አይቀድማትም ነበር። አሁን ስትደርስ ሁሉ ነገር ተሠርቶ አልቆ ታገኘዋለች።

መጀመሪያ ላይ ትቀልድበት ነበር። «የሁሉ ሟች ዘመድ ሆንሁ፤ ለእኔም በማለዳ ነው የሚረዳኝ» ትላለች። አንድ ቀን ግን ቁልፍ እየተከለች፣ ሳትቀልድ፣ «ሰው ሲሞት የማይነገረው ለሕፃንና ለእብድ ነው። እኔ የትኛዋ ነኝ?» አለችኝ።

እማማ ስንዱ ዘንድ ሄጄ ተከራክሬላታለሁ። ትርንጎ ከመንገሯ በፊት በነበረው ማታ፣ የአሰፋን ሞት እኔ ሳላውቅ፣ ሴቶቹ ቤቴ መጥተው አብረውኝ እራት በልተዋል። ለአሰፋ በስልኬ ድምፅ ስቀዳለት፣ «ሸሚዙ ካልሆነህ ክሳ» ብዬ ስስቅ፣ እነሱ አብረውኝ ስቀዋል። በፍቅር ያደረጉት ነው፤ አልተቀየምኋቸውም። ግን ያንን ሳቅ አልረሳውም። ያንን ይዛ መቀመጥ ያልቻለች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ሌላ ሌሊት በማይሰማ ስልክ ላይ ስስቅ እንዳላድር ያደረገችኝም እሷ ናት። ይህን ብዬ ለእማማ ነገርኋቸው።

«ለአንች ተስማማሽ» አሉኝ። «ለቀጣይዋስ?» የባላቸውን ሞት የሰሙት ካምፕ ውስጥ፣ የውኃ ወረፋ ላይ ቆመው፣ ከማያውቁት ሰው አፍ ነበር። የሚያጠቡት ልጅ ጀርባቸው ላይ ነበር። «ወተቴ በዚያው ደረቀ። መኮንንን በጎረቤት ጡት ነው ያሳደግሁት» አሉ። እውነት አላቸው፤ ተመለስሁ። ለትርንጎ ምስጋናዬን ደግሜ ስነግራት ደግሞ እሷም አልተቀበለችኝም። «አስቤ ያደረግሁት አይደለም። ወጣ። መልአክ አታድርጊኝ» አለች።

ጦርነቱ ካርቱምን ሲያፈናቅል ገዳሪፍ በሰው ተጨናነቀች። ከመጡት አንዷ ዶክተር ሐናን የተባለች የአእምሮ ሐኪም ነበረች። ከስታ ቀሚሶቿ ሰፍተዋት ነበርና ልታስጠብብ ወደ እኛ አመጣቻቸው። ቀሚሶቹ ሆስፒታል ገቡ። እሷ ግን በተመላለሰች ቁጥር አትቆጣም፤ ሸራው ሥር ተቀምጣ ትርንጎን ታያለች። አንድ ከሰዓት፣ «ልጅ ሳለሽ እናትሽ ምን ትልሽ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

ትርንጎ ሳቀች። «ሄዳ ቀረች ነበር የምትለኝ» አለች። ጭልጋ ሳለች ከጎረቤት እሳት በገል ጭራ እንድታመጣ ትላካለች። ጎረቤት ደርሳ ጥጃው አምልጦ ታገኛለች፣ ጥጃውን ታባርራለች፣ በዚያው ወንዝ ትወርዳለች። ስትመለስ ገሉ ላይ ያለው እሳት ዐመድ ሆኗል፣ እናቷ ባዶ ምድጃ ላይ ተቀምጣለች። «ስለማትወጂኝ ነው እንጂ እንዴት ትረሺኛለሽ ትለኝ ነበር» አለች። ይህን ስትናገር አልሳቀችም።

ሐኪሟ በማግስቱ ክሊኒክ ቀጠረቻት፤ እኔም ተከተልሁ። የትርንጎ ዓረብኛ የገበያ ዓረብኛ ነው፣ ሐኪሟም ለረጅም ጊዜ የሚያውቃት ሰው ትፈልግ ነበር። ደጋግመን ሄድን። በመጀመሪያው ቀን እብድ ብለው ይወስዱብኛል ብዬ ፈርቼ ይመስለኛል፣ ደግ ናት፣ ለሰው ትደርሳለች፣ እያልሁ ስደረድር ሐኪሟ አቋረጠችኝ። «ደግ መሆኗን አልጠየቅሁሽም። ምን እንደምትረሳ ንገሪኝ» አለች። ያንን ለመናገር ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

በመጨረሻ ስሙን ነገረችን፤ ኤዲኤችዲ። ትርንጎ በቴሌቪዥን ሰምታዋለች፤ ወንበር ላይ የማይረጉ ወንዶች ልጆች ታይተዋት ነበር። «ይህ የልጆች አይደለም?» አለች።

«ልጆቹ የት የሚሄዱ ይመስልሻል?» አለች ሐኪሟ። «ያድጋሉ እኮ።»

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችን። ከጦርነት ወይም ከድንጋጤ የመጣ አይደለም፤ አብሯት የተወለደ ነው። የአእምሮ ማነስም አይደለም። ትኩረት የላትም ማለትም አይደለም፤ ዒድ ሲመጣ ያየነው ትኩረት ነው። ትኩረቷ ግን በፈለገችው ሰዓት አይታዘዛትም፤ ጥድፊያ ወይም አዲስ ነገር ሲቀሰቅሰው ይነሣል፣ ካልሆነ እሷ ብትለምነውም አይነሣም። ቃልም ሳታስበው የሚወጣው ማገጃው ስለሚዘገይ ነው። «ሞተሩ ደህና ነው፣ ፍሬኑ ላላ» አለች ትርንጎ ወደ እኔ ዞራ። «አርባ ዓመት ሙሉ ሹፌሯን ሲሰድቡ ኖሩ።» መድኃኒት እንዳለው፣ ገዳሪፍ ግን እንደማይገኝ፣ መቼ እንደሚገኝም እንደማታውቅ ሐኪሟ ሳትደብቅ ነገረችን። ያለ እሱም የሚሠራ ብዙ ነገር እንዳለ ጨመረች።

ከክሊኒኩ ወጥተን ትንሽ እንደሄድን ትርንጎ መንገድ ዳር ተቀመጠች። ደስ ያላት መስሎኝ ነበር። «እናቴ እኮ ሳልወዳት የሞተች መስሏት ነው የሞተችው» ብላ አለቀሰች። አብሬያት ተቀመጥሁ። የዚያን ቀን ሱቅ አልተመለስንም።

ከዚያ ወዲህ ያየሁት ትርንጎ ዳነች የሚባል አይደለም። ሽሮው ያርራል። ብቻ ራሷን መሳደብ ተወች፤ በዚያ ፈንታ ነገሩን ማመቻቸት ያዘች። ሐጁን ለምና አንድ ልብስ ሳትጨርስ ሌላ እንዳይሰጧት አደረገች። «ደንበኛው ከሰዓት ለዐስር ሰላት ይመጣል በሉኝ» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ባይመጣም ይመጣል ይሏታል፣ እሷም እያወቀች ትጣደፋለች። ሐጁ መጀመሪያ ግራ ገብቷቸው፣ «ብትፈልጊም አትችይም ነው የምትይኝ?» ብለዋት ነበር። «መፈለግ ብቻውን አይበቃኝም፣ ሐጅ። መፈለጉማ ሁልጊዜ ነበረኝ» አለቻቸው። ሐጅ ዑስማን ያቺን የድሮ ቃላቸውን ከዚያ በኋላ ሲናገሩ አልሰማሁም።

ቤቷ የተከመረ ነገር ሲያስጨንቃት ደግሞ አጥሩን ታንኳኳለች። «አጠገቤ ተቀመጭልኝ እንጂ አታግዥኝ» ትለኛለች። እኔ ምስር እየለቀምሁ እቀመጣለሁ፣ እሷ ወር ያስቀመጠችውን ልብስ ታጥፋለች። አንድም ቃል ሳንነጋገር ቤቱ ይጸዳል። ለምን እንደሚሠራ አልገባኝም፤ ሐኪሟ ግን ብዙዎቹን እንዲህ ይረዳቸዋል አለች። እኔም ከዚያ መቀመጥ ጥቅም አገኘሁ፤ እጄን ማሳረፍ ያስተማረችኝ ያቺ የማታርፍ ሴት ናት።

አንድ ጊዜ፣ የአሰፋ ነገር ትዝ ብሎኝ፣ «እንግዲህ ይህ ነገር ከእግዜር የተሰጠሽ ስጦታ ነው» አልኋት። መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ጣለች። «ስጦታ አትበይብኝ። ስጦታ ከሆነ ውሰጅው» አለች። «አንችን ረዳሽ፤ ደግ። ሌላዋን ይጥላት ነበር። እማማ ስንዱ እውነት አላቸው እኮ።» በዚያው ተነሥታ ወጣች። ተቆጥታ የሄደች መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቀጥታ እማማ ዘንድ የእድሩን ስብሰባ ልትለምን ነው።

ሴቶቹ ሲሰበሰቡ የበሽታውን ስም ነግራ ይቅርታ ትጠይቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ስሙን ነገረቻቸው፤ አንዷ «ለምላስም ሐኪም መጣ?» ብላ ስትስቅ ትርንጎ አብራት ሳቀች። ከዚያ ወደ እማማ ስንዱ ዞረች።

«እማማ፣ ቃል ልገባ አልመጣሁም» አለች። «በሕይወቴ የገባሁት ቃል ቢደረደር ካርቱም ይደርሳል። ሁሉንም ከልቤ ነበር የገባሁት። ስሙን ማወቄም መርዶ አያስይዘኝም፤ ዛሬም ሐዘንተኛ አጠገብ አስቀምጣችሁ ዝም በይ ብትሉኝ ያመልጠኛል። እንዲህ አድርጉኝ። መርዶው በሚነገርበት ቀን፣ ጎሕ ሲቀድ ቀስቅሱኝ፤ ከዚያ በፊት አትንገሩኝ። ድንኳኑንና ውኃውን ለእኔ ተዉት። ብቻ ጩኸት ሰምቼ የምመጣ ባዳ አታድርጉኝ።»

«ቃል እገባለሁ ብትይ ኖሮ አሰናብትሽ ነበር» አሉ እማማ ስንዱ። «ስትገቢ ብዙ ሰምቼሻለሁ። ይሁን።»

እንዲሁ ሆነ። ከዚያ በኋላ በተከታተሉት ለቅሶዎች ትርንጎን በማለዳ የምቀሰቅሳት እኔ ነበርሁ። እየሮጠች ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች፣ የአህያ ጋሪውን ውኃ ታስመጣለች፣ ድንኳኑ ፀሐይ ሳይወጣ ይቆማል። ሴቶቹ ሲያዩዋት ስለ ሽንኩርት ማውራት ተዉ። ግን መናገሩ የሽማግሌዎች ነበር፤ እሷ ከኋላ፣ ከጀሪካኖቹ ዘንድ ትቆማለች። ከዚያ በላይ አልጠየቀችም።

መኮንን የሞተው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሲወጣ ነው። ያ በጎረቤት ጡት ያደገው የእማማ ስንዱ ልጅ፣ ኒው ሀልፋ አገዳ እርሻ ላይ ይሠራ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ እድሩ ያለ እሳቸው መከረ። ትርንጎን ጎሕ ሲቀድ ቀሰቀስኋት። ዜናውን ስትሰማ ደጃፏ ላይ ቁጭ አለች፤ ከዚያ ያለ ወትሮዋ ቀስ ብላ ተነሣች።

በሩ ላይ ስንደርስ እማማ ስንዱ ዳዊታቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ከማናችንም በላይ መርዶ የተናገሩ ሴት ናቸው፤ ተሰብስበን ስንቆም ባዩን ጊዜ ገባቸው። ዳዊቱን ዘጉ። አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እንግዲህ እማማ፣ የሰው ልጅ ሁሉ መንገደኛ ነው፣ አባቶቻችንም ቢሆኑ…» ብለው ጀመሩ።

እማማ እጃቸውን አነሡ። ሽማግሌው አቆሙ። ዓይናቸው ከአንዳችን ወደ ሌላችን ሄደ፣ እኔን አልፎ ወደ ኋላ ሄደ። «ትርንጎ የለችም?» አሉ።

«አለሁ እማማ።»

«ነይ። አንች ንገሪኝ። እነዚህ እስኪጨርሱ ልቤ ይወጣል።»

ሴቶቹ ዞር ዞር ብለን መንገድ ለቀቅንላት። ትርንጎ የያዘችውን ጀሪካን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ በመሀላችን አልፋ ከእማማ እግር ሥር ተቀመጠችና ጉልበታቸውን ያዘች። በዚያ ሁሉ ዓመት ትርንጎ ቃል ስትፈልግ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። አመለጠኝ እንደማትል፣ ይህንን አስባ እንደምትናገር ያወቅሁት በዚያ ነው።

«መኮንን ሞቷል፣ እማማ» አለች። «ትናንት ነው። ሚስቱ አጠገቡ ነበረች።»

«ብቻውን አልነበረም?»

«አልነበረም።»

እማማ ስንዱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ፊት ተደፍተው ፊታቸውን ትርንጎ ትከሻ ላይ አደረጉና ለቅሷቸውን ለቀቁት።